ራስ፣ በሦስት ሳጥን

ጋዜጣው የሚመጣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። አምጪው ሞተሩን ሳያጠፋ ይወርዳል፤ በሰማያዊ ፌስታል የተጠቀለሉ ስድስት ሰባት ጋዜጦች ጠረጴዛዬ ላይ ይዘረግፋል፤ «ደህና እደር» ይለኛል፤ ይሄዳል። ሊነጋ ሲል «ደህና እደር» ማለቱ ሁሌም ያስቀኛል።

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የአንድ አፓርታማ የሌሊት ፍሮንት ዴስክ ነኝ። ሥራዬ በር መክፈት፣ ዕቃ መቀበል፣ ቁልፍ የጠፋበትን ማስገባት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ግን አንድ ሥራ ብቻ ይቀረኛል፤ እንቅልፍን መታገል።

ነገሩ ከተጀመረ ስድስት ዓመት ይሆነዋል። አንድ ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ከአራተኛ ፎቅ አንዲት ሴትዮ ወረዱ። ሰማንያን ያለፉ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ጋዜጣቸውን ከፌስታሉ አወጡና ሎቢው ሶፋ ላይ ተቀመጡ። የፊተኛውን ገጽ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። በቀጥታ ወደ መስቀለኛ ቃላቱ ገለጡና በእስክሪፕቶ መሙላት ጀመሩ። በእስክሪፕቶ መሙላት ጉራ መሆኑን ያወቅኩት ኋላ ነው። ሌላው ሰው በእርሳስ ነው የሚሠራው።

ትንሽ ቆዩና ቀና አሉ።

«አንተ ኢትዮጵያዊ ነህ አይደል? የኢትዮጵያ ልዑል፣ በሦስት ፊደል። መጨረሻው ኤስ ነው።»

ፈተና ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። «ልዑል» የሚለው ቃል ራሱ በነሱ ፊደል ሦስት ላይ አይቆምም። «አቤቶ» አይሆንም። «ልጅ» በኤስ አያልቅም። ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ግራዝማች… ሁሉም ከሳጥኑ ይተርፋሉ። ድንገት «ራስ!» ብዬ ጮህኩ። ባዶው ሎቢ አስተጋባ።

አር፣ ኤ፣ ኤስ። ጻፉት። «ሌላ ትርጉም አለው?» አሉኝ። ጭንቅላቴን በጣቴ መታ መታ አደረግኩ። ሳቁ።

ደስታዬ በረድ ሲል ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ራስ እኮ ልዑል አይደለም! ልዑልነት በደም ነው፣ ራስነት በሹመት። ራስ አሉላ ተምቤን ውስጥ ከገበሬ ቤተሰብ የተወለዱ ሰው ናቸው። ልዑል ቢሏቸው እሳቸውም የሚስቁ ይመስለኛል። በማግስቱ ይሄንን ሁሉ ለሴትዮዋ አስረዳሁ። የአሉላን አባት፣ የሹመቱን ደረጃ፣ ተፈሪ መኮንን በፈረንጆቹ 1930 ዘውድ ከመጫናቸው በፊት ራስ ተፈሪ ይባሉ እንደነበር፣ የጃማይካ ራስታዎችም ስማቸውን ከዚያ እንዳገኙ፤ ምንም አላስቀረሁም። በትዕግስት ሰሙኝ። ከዚያ «ለሦስት ሳጥን ይሄን ሁሉ ማን ያስባል?» አሉኝ።

ያቺ ንግግር ከአእምሮዬ አልወጣችም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔም ተለከፍኩ። ሴትዮዋ ልጃቸው ዘንድ ሲሄዱ ጋዜጣቸውን እንድወስድ ፈቀዱልኝ። እሱ ሲያልቅብኝ በስልኬ ከፍዬ ተመዘገብኩ። መጀመሪያ ሰኞን ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር። ቅዳሜንማ አትንኩት። የኒው ዮርክ ታይምስ መስቀለኛ ቃላት ሰኞ ቀላል ሆኖ ይጀምርና በየቀኑ እየከበደ ይሄዳል። ቅዳሜ ላይ ራስን ያሳምማል። እሑድ ሰፊ ነው፣ በጎን 21 ሳጥን፤ ክብደቱ ግን ከቅዳሜ ይሻላል። በሌሎቹ ቀናት 15 በ15 ነው፣ በድምሩ 225 ሳጥን። ጥቁሮቹ ሳጥኖች ጋዜጣውን ብትገለብጠውም ቅርጻቸው አይለወጥም። ይሄንን ሳላስተውል ስንት ወር እንደሠራሁ ባልናገር ይሻለኛል።

ጨዋታው የተወለደው እዚሁ አገር ነው። ዲሴምበር 21 ቀን 1913 (እዚህ ጽሑፍ ላይ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) አርተር ዊን የሚባል የሊቨርፑል ተወላጅ ኒው ዮርክ ወርልድ ለተባለው ጋዜጣ ሠራው። ቅርጹ አልማዝ ይመስል ነበር። ኒው ዮርክ ታይምስ ያኔ ይሄንን ነገር አይወድም ነበር። በ1924 ጊዜ ማባከን ነው፣ ኃጢአት ነው እያለ ጽፎበታል። ከዚያ ጦርነት መጣ። ፐርል ሃርበር ተደበደበ። ሁለት ወር አልፎ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1942 ኃጢአት ያለውን ነገር እሱም በእሑድ እትሙ ማውጣት ጀመረ። በ1950 ደግሞ የየዕለት አደረገው። የናቁት ያደርጋል ራቁት። ዛሬ ለዚሁ ጨዋታ ብቻ ከሚከፍሉት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እዚህ ጨዋታ ውስጥ አንድ ቃል ታዋቂ የሚሆነው ትልቅ ነገር ስለሆነ አይደለም። አናባቢ ስላለው ነው።

እያንዳንዱ ፊደል አግድምም ቁልቁልም የቃል አካል መሆን አለበት። ከሦስት ፊደል ያነሰ ቃል አይፈቀድም። አዘጋጁ ጥግ ላይ ሲጣበቅ የሚያወጣው ኤ፣ ኢ እና ኦ የበዛበት አጭር ቃል ነው። ስለዚህ ኦሬኦ የተባለው ብስኩት፣ ከ1912 ጀምሮ የሚሸጥ ጥቁርና ነጭ ብስኩት፣ እዚህ ውስጥ ከስንት ንጉሥ በላይ ስሙ ይነሳል። ከሰሜን አሜሪካ አምስቱ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ ኢሪ ሁልጊዜ አለች፤ ከሁሉም የሚሰፋው ሱፒሪየር ግን በስንት ጊዜ አንዴ ነው። ዮኮ ኦኖ ዝነኛውን ዘፋኝ ባሏን ጆን ሌነንን አስከንድታዋለች።

እኔም በዚህ መንገድ የተማርኩ ሰው ሆንኩ። የተማርኩ ስል፣ እያንዳንዱ እውቀቴ የአንድ መስመር ውፍረት አለው። ኔኔ የሃዋይ ዝይ ናት። አራል ሶቭየቶች ገባሮቹን ለጥጥ እርሻ ጠልፈውበት አብዛኛው የደረቀ ባሕር ነው። ሜል ኦት የኒው ዮርክ ጃያንትስ ቤዝቦል ተጫዋች ነበር፣ 511 ሆም ራን መቷል። ሆም ራን ምን እንደሆነ ግን አሁንም በደንብ አልገባኝም።

ይሄ የኦት ነገር አንድ ቀን አዋረደኝ። ከሁለተኛ ፎቅ አንድ ሽማግሌ የጃያንትስ ኮፍያ አድርገው ገቡ። አላስችል አለኝና «ሜል ኦት!» አልኳቸው። ሰውዬው ቀጥ አሉ። ዓይናቸው በራ። አባታቸው ሲጫወት ወስደው እንዳሳዩአቸው፣ ሲመታ አንድ እግሩን እንዴት ያነሳ እንደነበር፣ ቡድኑ ኒው ዮርክን ጥሎ ሳን ፍራንሲስኮ ሲሄድ ምን እንደተሰማቸው አወሩልኝ። ከዚያ ጠየቁኝ፤ «አንተ የት ነው ያወቅከው?» እኔ ያለችኝ አንድ መስመር ናት፣ እሷንም ተጠቅሜያለሁ። አንድ ፈረንጅ ቦሌ ላይ አስቁሞኝ «መንግስቱ ወርቁ!» ቢለኝና ተቀምጠን እናውራ ስለው ኳስ አላውቅም ቢለኝ ማለት ነው። አሁን ሰውዬው ኮፍያውን አድርገው ሲገቡ ኮምፒውተሩ ላይ አቀረቅራለሁ።

አንዳንዱ ቃል ግን ወደ ቤት ይወስደኛል። ኤትዊ የሚባል ነገር አለ። የፈረንሳይ ቃል ነው፣ መርፌና ክር የሚቀመጥበት ትንሽ መያዣ። አሜሪካኖቹም ከዚህ ጨዋታ ውጭ ሲጠሩት ሰምቼ አላውቅም። የእናቴ ኤትዊ የብስኩት ቆርቆሮ ነበር። ብስኩት አገኘሁ ብሎ ከፍቶ ክርና ቁልፍ ያላጋጠመው ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። እሬት ደግሞ እዚህ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል ይመጣል፤ በነሱ ቋንቋ አራት ፊደል ሆኖ ሦስቱ አናባቢ ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ ስለ ቅባት፣ ስለ ቆዳ፣ ፀሐይ ያቃጠለውን ስለ ማስታገስ ነው። እኛ ጋ እሬት ማለት መራራ ማለት ነው። ሕፃን ጡት እንዲተው ጡት ላይ የሚቀባ ነገር ነው። ለነሱ ማስታገሻ፣ ለኛ ማስለቀሻ። ያንን ቃል በሞላሁ ቁጥር ምላሴ ይሰበሰባል።

እዚህ ላይ ስለ ሴትዮዋ አንድ ነገር ልናገር። ጥቂት ወራት ከሠራሁ በኋላ «ራስ» በዚህ ጨዋታ ውስጥ ካሉት አሮጌ ቃላት አንዱ መሆኑን ደረስኩበት። ዕድሜ ልኩን ሲሞላ የኖረ ሰው ሊያጣት አይችልም። ያውም ሰኞ! «ያን ቀን መልሱን ያውቁት ነበር አይደል?» አልኳቸው። ከጋዜጣው ቀና አላሉም። «ሰኞ ሰው አልጠይቅም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አላነሳሁባቸውም።

እኛ አገር በዚህ ጨዋታ ውስጥ ምን ትመስላለች? ራስ አለ። ጤፍ አለ። ጣና አለ፣ የዓባይ መነሻ ተብሎ። «አዲስ» ይልና ባዶ መስመር ያስቀምጣል፣ «አበባ»ን ትሞላለህ። በነሱ ፊደል ኤ፣ ቢ፣ ኤ፣ ቢ፣ ኤ ነው። አዘጋጅ ቢጸልይ ከዚህ የተሻለ ቃል አያገኝም። እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃው አጠገብ ስሙን ሲያወጡ ለዚህም ይጠቅማል ብለው አላሰቡም። ጎንደርን ግን እኔ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ከሁሉም በላይ ግን አይዳ አለች። አራት ፊደል፣ ሦስት አናባቢ። «የቬርዲ ኢትዮጵያዊት ልዕልት።»

የኛ ሰፈር ሦስት አይዳዎች ነበሩት። ረጅሟ አይዳ፣ የመምህሩ አይዳ እና ፍንጭቷ አይዳ። የአገራችን ስም ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ እንደ አልማዝ፣ እንደ ሂሩት። የኦፔራ ስም መሆኑን የነገረኝ የአንድ ማክሰኞ ፍንጭ ነው። ያን ሌሊት ጨዋታውን ትቼ ስልኬ ላይ ስለ አይዳ ሳነብ ነጋ።

ጣሊያናዊው ቬርዲ የደረሰው ኦፔራ መጀመሪያ የታየው ካይሮ ነው፣ ዲሴምበር 24 ቀን 1871። ያሠራው የግብጹ ገዥ ከዲቭ እስማኤል ነው። ቀደም ብሎ ሊታይ ታስቦ ነበር፤ ልብሱና መድረኩ የሚሠራው ፓሪስ ስለነበርና ፓሪስን ፕሩሲያዎች ስለከበቧት ዘገየ። ታሪኩ ይሄ ነው። የግብጽ ጦር ኢትዮጵያን ያሸንፋል። የኢትዮጵያ ንጉሥ አሞናስሮ ይማረካል። ልጁ አይዳ የግብጽ ልዕልት ባሪያ ናት፤ የጠላት ጦር አዛዥ ትወዳለች፤ መጨረሻ ላይ አብራው መቃብር ውስጥ ገብታ ትሞታለች። የድሉ ሰልፍ ላይ የሚነፋው መለከት በዓለም ታውቋል። ባታውቁትም ሰምታችሁታል።

አሁን ዓመቱን ቁጠሩልኝ። ያው እስማኤል፣ ኦፔራው ከታየ አራት ዓመት ሳይሞላ፣ እውነተኛ ጦር ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ኖቬምበር 1875 ጉንደት ላይ የአፄ ዮሐንስ ጦር ደመሰሰው። እስማኤል እልህ ያዘው፤ ከበፊቱ የበዛ ጦር ላከ። ማርች 1876 ጉራ ላይ እሱም ተመታ። የቦታው ስም ጉራ መሆኑ ራሱ ሰምና ወርቅ ነው። ሻለቃ አሉላ ከነዚህ ጦርነቶች በኋላ ነው ራስ አሉላ የሆኑት። በመድረክ ላይ ያሸነፈው በሜዳው ተሸነፈ። ፍንጩ ግን ይሄን አይነግርህም። ፍንጩ ልዕልቲቱን ይሰጥህና ይሄዳል።

በዚህም አላበቃም። የግብጽን ጦር ከሚመሩት መሃል አሜሪካኖች ነበሩ። በእርስ በርስ ጦርነታቸው የተዋጉ መኮንኖች ሥራ ፍለጋ እስማኤል ዘንድ ሄደው ነበር። ጉራ ላይ ከነበሩት አንዱ ዊሊያም ሎሪንግ ነው፣ የደቡቦቹ ጄኔራል፣ አንድ እጁን ቀደም ሲል ሜክሲኮ ላይ ያጣ። ካይሮ የቀረው የጦሩ ኤታማዦር ሹም ቻርልስ ስቶን ደግሞ የሰሜኖቹ ጄኔራል ነበር። አገሩ ተመልሶ የነጻነት ሐውልት የቆመበትን መሠረት ያሠራው ዋና መሐንዲስ እሱ ነው። ያንን ሐውልት በመጣሁ በሁለተኛው ወር ሄጄ ፎቶ ተነስቼበታለሁ። ያኔ ይሄን ሁሉ ባውቅ ኖሮ የምቆመው ሌላ ቦታ ሊሆን ይችል ነበር፤ ወይም እዚያው፣ ግን ሌላ ዓይነት ፊት አድርጌ።

ይሄን ታሪክ ለሴትዮዋ ነገርኳቸው። በዚህኛው ጊዜ «ለአራት ሳጥን ይሄን ሁሉ ማን ያስባል?» አላሉኝም። «ሎሪንግን በኤል ሁለት ጊዜ ነው የሚጽፈው?» ብለው ጠየቁኝ። አይደለም፣ አንዴ ነው። ስድስት ፊደል።

ባለፈው ክረምት ራሴ በአማርኛ ልሠራ ተነሳሁ። የአገር ቤት ጋዜጦች ላይ አግድምና ቁልቁል እየተባለ ሲወጣ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ቀላል መስሎኝ ነበር። ቀላል አይደለም። እዚህ ሐሙስ ሐሙስ አንድ ተንኮል አላቸው፤ አንድ ሳጥን ውስጥ ሁለትና ሦስት ፊደል ታጭቃለህ። ሪበስ ይሉታል። ሰው ሁሉ ያማርርበታል። ለኛማ በየቀኑ ሐሙስ ነው። «ላ» ማለት ተነባቢውም አናባቢውም በአንድ ሳጥን ተጭኖ ነው። ስለዚህ ሰላምን ከለምለም ጋር በ«ለ» ቤቱ ላይ ማጋጠም አትችልም። አንዱ ላ ነው፣ አንዱ ለ። ለነሱ 26 ፊደል ነው፤ እኛ 33ቱን በሰባት ስናበዛው 231 ይደርሳል፣ ዲቃሎቹን ሳይጨምር። በዚያ ላይ ፀሐይን ስንት ዓይነት እንጽፋለን? ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ። የትኛውንም ብትመርጥ ስልክ የሚደውል መምህር አይጠፋም።

ፍንጭ ማውጣት ላይ ግን የሚደርስብን የለም። ማጥበቅና ማላላቱ በጽሑፍ አይታይም። «ሲጠብቅ በዓል፣ ሲላላ ያልደረሰ፣ በሁለት ፊደል» ብልህ ገና ነው። በእንግሊዝኛው እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያገኙ መጨረሻው ላይ ጥያቄ ምልክት አድርገው ያስጠነቅቁሃል። የኛ ባለቅኔ ማንንም አያስጠነቅቅም።

15 በ15 አልኩ። ወደ 7 ወረድኩ። ወደ 5። የኪራይ ደረሰኝ ጀርባ ላይ አራት ሌሊት ስሰርዝ ስደልዝ ከረምኩ። በመጨረሻ እጄ ላይ የቀረችው ይቺ ናት፤ አግድምም ቁልቁልም ብታነቧት አንድ ናት።

ሰ ላ ም
ላ ስ ታ
ም ታ ት

ዘጠኝ ሳጥን። ፍንጮቹንም ጻፍኩ። አንደኛ፤ ስንገናኝም ስንለያይም። ሁለተኛ፤ የላሊበላ አገር። ሦስተኛ፤ ያለ ራስ የማይሄድ ሕመም። በሦስተኛዋ ኮርቻለሁ፣ አልደብቅም።

ፍንጮቹን የቤተሰብ ቴሌግራም ላይ ለቀቅኳቸው። እዚህ ሊነጋጋ ነው፣ አዲስ አበባ እኩለ ቀን። እህቴ ሰላምንና ላስታን ወዲያው መለሰች። ሦስተኛው ላይ ተጣሉ። አጎቴ «ምች» አለ፤ ምች ሁለት ፊደል ናት ብዬ ጣልኩበት። እህቴ «ፍልጠት» አለች፤ እሱ አራት ነው፣ መልሱ ደግሞ በ«ም» ነው የሚጀምረው። እናቴ ዝም ብላ ቆየች። ቡና እያፈላች እንደሆነ አውቃለሁ። በኋላ የድምፅ መልእክት ላከች። ሲኒ ይንቀጫቀጫል፣ ሬዲዮ ይሰማል።

«እኔ እንጃልህ። አገር ልስጥህ?»

ልጅ ሆነን እንቆቅልህ ስንጫወት ያቃተው የሚለው እንደዚሁ ነበር። ለስንት ዓመት አልሰማሁትም።

«ስጪኝ» ብዬ ጻፍኩ።

«ላስታን ሰጠሁህ።»

«ላስታ ገብቼ ምን አጥቼ» ብዬ በድምፅ ልልክላት ስልኩን ወደ አፌ ሳስጠጋ ሊፍቱ ተከፈተ። ሴትዮዋ ናቸው፣ እስክሪፕቷቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተዋል። ሐሙስ ነው።